ጭልፊት በቀን፣ ሸለምጥማጥ በሌሊት፦ የጓሮ ዶሮን ከአውሬ የመጠበቅ ጥያቄ

አንዲት እናት ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ አሥር ጫጩት ብትፈለፍል፣ የቤቱ እመቤት አሥሩንም ለማሳደግ ተስፋ አታደርግም። በኢትዮጵያ የመንደር ዶሮ ጥናቶች ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት፣ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶው ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ የሚል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይጠራሉ፤ በሽታና አውሬ። በሽታው፣ በተለይም ፈንግል፣ ተመራማሪ አላጣም፤ ክትባቱም እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። አውሬው ግን በጥናቶቹ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ይዞ ይታለፋል። የትኛው አውሬ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በስንት ሳምንት ዕድሜ ያለችውን ዶሮ እንደወሰደና ምን ቢደረግ እንደሚቀር በዝርዝር የሚመልስ ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ያወጣቸው መረጃዎች የአገሪቱን ዶሮ ወደ 57 ሚሊዮን ያደርሱታል። ከዚህ ውስጥ 79 በመቶ ገደማው ጓሮ ለጓሮ ጭሮ የሚያድር የአገር ውስጥ ዝርያ ነው። የዶሮ ገቢ በአብዛኛው የሴቶች ገቢ ነው፤ ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልጅ ደብተር የሚሆነው ሳንቲም የሚወጣው ከዚያ ነው። ጭልፊት የወሰደው ጫጩት ለፋሲካ ሊሸጥ ይችል የነበረ ዶሮ ነው።

ከጫካ ወደ ቆጥ

ዶሮ የተገራችው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው። የጫካዋ ዶሮ ቀን መሬት ጭራ፣ ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥታ ታድራለች። የዛሬዋ የቤት ዶሮ ፀሐይ ስትገባ ወደ ላይ ለመውጣት የምትቁነጠነጠው ይህ ጠባይ ስላልለቀቃት ነው። ሰው ለዚህ ጠባይ የሰጠው መልስ ደግሞ ቆጥ ነው። ቆጥ ማለት በሌላ አነጋገር ቤት ውስጥ የገባ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ዓላማውም የመጀመሪያው ዓላማ ነው፣ ከመሬት አውሬ መራቅ።

ይህ ኑሮ በአካባቢያችን ረጅም ዕድሜ አለው። በትግራይ መዝብር በተባለ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ የመንደር ፍርስራሽ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ እንደሚመለሱ ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሬያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። እንግዲህ በዚህ ምድር ሰው ዶሮውን ከአውሬ ሲከላከል ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው።

ዶሮዋ ራሷም መከላከያ አላት። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒተር ማርለር፣ ክሪስ ኢቫንስና ባልደረቦቻቸው ባደረጓቸው ሙከራዎች አውራ ዶሮ ለሰማይና ለምድር ጠላት የተለያየ ድምፅ እንዳለው አሳይተዋል። ከላይ የሚያንዣብብ ወፍ ሲያይ ቀጭንና የተሳበ ድምፅ ያሰማል፤ የሰሙት ሴት ዶሮዎች ወደ ጥሻ ይሮጣሉ ወይም መሬት ላይ ለጠፍ ብለው በአንድ ዓይናቸው ወደ ሰማይ ያያሉ። በምድር የሚመጣ አውሬ ሲያይ ግን ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ የሚደጋገም ጩኸት ይለቃል፤ ያን ጊዜ አንገታቸውን አቅንተው ግራ ቀኝ ይቃኛሉ። ሙከራው ጭልፊቱን በምስል ብቻ አሳይቶ ወይም የአውራውን ድምፅ ብቻ አሰምቶ የተደረገ ስለሆነ፣ ዶሮዎቹ የሚሸሹት ወፉን አይተው ሳይሆን የድምፁን ትርጉም ሰምተው መሆኑ ታውቋል። አውራው ሴት ዶሮዎች በአጠገቡ ሲኖሩ አብዝቶ እንደሚያስጠነቅቅም ተደርሶበታል።

ይህ ግኝት ለጓሮው ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ አውራ የሌለበት መንጋ ጠባቂ ጎድሎታል። ሁለተኛ፣ መከላከያው የሚሠራው ዓይን በሚያይበት ሰዓት ብቻ ነው። ዶሮ በጨለማ አታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የቀኑና የሌሊቱ ጥቃት አንድ ጥያቄ አይደሉም፤ መፍትሔያቸውም አንድ ሊሆን አይችልም።

ማን በላት?

ገበሬው የሚዘረዝራቸው ጠላቶች በየቦታው ይመሳሰላሉ፤ ጭልፊት፣ ጭላት፣ ንስር፣ ቁራ ከላይ፤ ሸለምጥማጥ፣ አነር፣ ጥርኝ፣ ቀበሮ፣ ተኩላ፣ ውሻ፣ ድመት፣ አይጥና እባብ ከታች። ችግሩ ስሞቹ ከአገር አገር መለያየታቸው ነው። አንዱ ሸለምጥማጥ የሚለውን ሌላው አነር ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የአገራችን ጥናቶችም ሸለምጥማጥን አንዴ የዱር ድመት፣ አንዴ ሌላ እንስሳ ብለው ይተረጉሙታል። ስለዚህ ሁለት ወረዳዎች ላይ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ስለ አንድ አውሬ ይናገሩ ወይስ ስለ ሁለት ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

የስሙን ያህል አስፈላጊ የሆነው አሻራው ነው። ጫጩት በጠራራ ፀሐይ ያለ ደም፣ ያለ ላባ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ የወሰደው የሰማይ ወፍ ነው። ትልቅ ዶሮ ሜዳ ላይ ተነጭታ ላባዋ ክብ ሠርቶ ከተገኘ ንስር ወይም የንስር ወገን ይጠረጠራል። ሌሊት በቆጥ ላይ አንገቷ ወይም ራሷ የተነከሰ ዶሮ የሸለምጥማጥ ወገን ሥራ ናት። እንቁላል ያለ ቅርፊት ከጠፋ እባብ ሙሉውን ውጦት ሊሆን ይችላል፤ ቅርፊቱ ተበስቶ ከቀረ ደግሞ ቁራ ወይም አይጥ። ብዙ ዶሮ ተገድሎ ሳይበላ በየቦታው ከተጣለ፣ ከሩቅ አውሬ በፊት የመንደሩን ውሻ መጠርጠር ይገባል።

ሳይበላ መግደል ባለቤቱን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣ ነገር ነው። «ለሆዱ ቢሆን አንዷን ይወስድ ነበር» ይባላል። ሃንስ ክሩክ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ይህን ጠባይ በቀበሮና በጅብ ላይ መርምሮታል። አውሬው አንድ ታዳኝ ከያዘ በኋላ በአጠገቡ ሌላ የማይሸሽ ታዳኝ ካለ መግደሉን ይቀጥላል፤ ጥጋቡ መብላቱን ያቆመዋል እንጂ መያዙን አያቆመውም። በዱር ታዳኙ ስለሚበተን ይህ እምብዛም አይታይም። በጠባብ ቤት ጨለማ ውስጥ ያሉ ዶሮዎች ግን መድረሻ የላቸውም። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ከባድ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ቤት ከሜዳ ይልቅ ሊያስጨርስ ይችላል።

የሐሰት ተከሳሾችም አሉ። በደጋው ሜዳ በስልክ እንጨት ላይ ተቀምጦ የሚታየው ቀይ ጅራትና ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ለእህሉ ጠባቂ ነው። በከተማ ከሥጋ ቤት ደጃፍ የማይለየውና ጅራቱ በመሐል የተሰነጠቀው ጭልፊት ግን ጫጩት በመውሰድ የታወቀ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዘመዶቹ ሲጨመሩበትም ቁጥሩ ይበዛል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት እንስሳ ነው፤ የሚኖረውም በአይጥና በፍልፈል ነው፤ ሆኖም «ቀበሮ» የሚለውን ስም ከሌሎች ጋር ስለሚጋራ በሌላው ጥፋት ስሙ ይነሣል።

ኪሳራው እንዴት ተቆጠረ?

ስለ ጉዳቱ መጠን ያለው ማስረጃ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ተመራማሪ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ባለፈው ዓመት ስንት ዶሮ እንደጠፋና በምን እንደጠፋ ይጠይቃል፤ ምክንያቶቹ በደረጃ ይቀመጣሉ። ታደለ ደሴና ብራያን ኦግል በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ላይ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ካሳተሙት ሥራ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ፣ በደቡብና በምዕራብ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በአብዛኞቹ ፈንግል አንደኛ፣ አውሬ ሁለተኛ ሆኖ ይወጣል፤ ደረጃው የሚገለበጥባቸው ቦታዎችም አሉ።

ይህ ዘዴ ሁለት ድክመቶች አሉት። የመጀመሪያው የማስታወስ ነው። በፈንግል የሞተች ዶሮ ሬሳዋ ይታያል፤ የጠፋ ጫጩት ግን አይታይም። በብርድ የሞተው፣ ጉድጓድ የገባው፣ በሰው የተሰረቀው ሁሉ «ጭልፊት ወሰደው» በሚል ሊመዘገብ ይችላል። በተቃራኒው አይጥ በሌሊት የጎተተው ጫጩት ማንም ሳያየው በበሽታ ሊቆጠር ይችላል።

ሁለተኛው ድክመት ጠለቅ ያለ ነው። አውሬ የሚወስደው ማንን ነው? የታመመች፣ የደከመች፣ ወደ ኋላ የቀረች ጫጩት ቀድማ ትያዛለች። እንዲህ ከሆነ ጭልፊቱ ከወሰዳቸው ከፊሎቹ ነገ በበሽታ የሚሞቱ ነበሩ፤ ጭልፊቱ ቢቀር የሚተርፈው ከሚጠበቀው ያነሰ ይሆናል። የዚህ ተቃራኒም እኩል ሊሆን የሚችል ነው፤ መንደሩ ለፈንግል ቢከተብ በሕይወት የሚቆዩት ጫጩቶች ይበዛሉ፤ ጥበቃ ካልተጨመረ ግን ትርፉ ለአውሬው ቀለብ ይሆናል። ክትባትና ጥበቃ እንደ ሁለት እጅ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱን ለየብቻና በአንድነት አወዳድሮ፣ ጫጩቶቹን ቁጥር ሰጥቶ ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ የተከታተለ ሥራ ካልበዛ፣ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በትክክል መናገር አይቻልም።

አራት መንገዶች

ለጥያቄው የሚሰጡት መልሶች በአራት ይከፈላሉ፤ አውሬውን ማጥፋት፣ ማባረር፣ ማምለጥ የምትችል ዶሮ መምረጥ፣ እና መዝጋት።

*ማጥፋት።* የዚህ ወገን ክርክር አጭርና ግልጽ ነው፤ ደም የለመደ አውሬ ተመልሶ ይመጣል። እውነት አለበት፤ ሸለምጥማጥ ያገኘውን ቀዳዳ አይረሳም። ነገር ግን አንዱ ቢገደል ቀዳዳው እስካለ ድረስ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። አድሪያን ትሬቭስና ባልደረቦቹ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የተደረጉ ሙከራዎችን መርምረው፣ በጠንካራ የሙከራ ሥርዓት የተሠሩት ጥቂቶች ብቻ እንደሆኑ፣ ከነዚያም ሳይገድሉ የሚከላከሉት መንገዶች የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ጽፈዋል። ሙከራዎቹ በበግና በከብት ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ በቀጥታ ለዶሮ ማዋል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

መርዝ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የተመረዘ ሥጋ አውሬን ከውሻ፣ ውሻን ከጥንብ አንሳ አይለይም። በአፍሪካ ተመዝግቦ ከሚታወቀው የጥንብ አንሳ ሞት 61 በመቶው በመርዝ የመጣ መሆኑን በ2015 እና በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት አሳይቷል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገራችንም የሚገኙ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መካከል ተመድበዋል። በሕግም በኩል የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ለአንድ ዶሮ ተብሎ የሚጣል መርዝ የመንደሩን ጥንብ የሚያነሣውን ወፍ ያጠፋል።

*ማባረር።* ማስፈራሪያ ማቆም፣ ልጅ ማስጠበቅ፣ ቆርቆሮ ማንኳኳት፣ ብልጭ የሚል ነገር ማንጠልጠል፣ ውሻ ማሳደግ በዚህ ሥር ይገባሉ። ሁሉም ለጊዜው ይሠራሉ፤ ጥያቄው እስከ መቼ የሚለው ነው። የማይንቀሳቀስን ማስፈራሪያ አውሬ ይለምደዋል። የመብራት ውጤትም በአውሬው ዓይነት ይለያያል፤ በሰሜን ቺሊ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ፑማ የተባለውን ትልቅ ድመት ከመንጋው እንዳራቀ፣ የአካባቢውን ቀበሮ ግን እንዳላራቀ አሳይቷል። የውሻም ነገር ሁለት ጎን አለው። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ከዶሮዎቹ ጋር ያደገ ውሻ ጠባቂ ነው፤ ያልለመደው ግን ራሱ አዳኝ ነው። ከዚህም ሌላ ጥበቃው ከዘገየ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

*ዝርያ መምረጥ።* የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ በስፋት መግባት የጀመሩት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነሣው ስሞታ አልተለወጠም፤ እንቁላሏ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ገራም ናት፣ ከባድ ናት፣ ነጭ ላባዋ ከሩቅ ይታያል። ንጉሤ ዳናና ባልደረቦቹ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ገበሬዎች ዶሮ ሲመርጡ ምርትን ብቻ ሳይሆን በሽታ መቋቋምን፣ ጭሮ ማደርንና ከአውሬ በርሮ ማምለጥን አብረው እንደሚመዝኑ አሳይተዋል። ተመራማሪው «ቁጡ» ብሎ የሚያልፈው ጠባይ ለገበሬው ንብረት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መልስም ድንበር አለው። የሦስት ቀን ጫጩት ከየትኛውም ዝርያ ቢሆን በርሮ አያመልጥም። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋው አሠራር፣ ማለትም ጫጩትን በወኪል እጅ ወር ተኩል ገደማ አሳድጎ፣ ከትቦ ለገበሬው ማስረከብ፣ አደጋው የሚበዛበትን ዕድሜ ከጓሮው አውጥቶታል። የተሻሻሉ ዝርያዎች በመንደር ሊቆዩ የቻሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋውም አለ፤ ገበሬዋ በየጊዜው ከገበያ ገዢ ትሆናለች፣ የመፈልፈል ነፃነቷ ከእጇ ይወጣል።

*መዝጋት።* እናት ዶሮን በእግሯ በገመድ አስሮ ጫጩቶቿን በአጠገቧ ማቆየት፣ በቅርጫት መክደን፣ በእንጨት አጥር ትንሽ ግቢ መሥራት ሁሉም ቤት የሚያውቀው ዘዴ ነው። ሳይንሱ በዚህ ላይ የጨመረው የጭድ ሣጥን ነው። በጅማ ሰሎሞን ደመቀ ያጠኑትና በግብርና ባለሙያዎች የተስፋፋው ይህ ሣጥን በዙሪያው ጭድ ወይም ድርቆሽ የተጠቀጠቀበት፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚያድሩበት ነው፤ መብራትም ፋኖስም አይፈልግም። ቀን ቀን ከሣጥኑ ጋር በተያያዘ ወንፊት በተከደነ ሜዳ ይወጣሉ። ጫጩቶቹ ከእናታቸው ስለሚለዩ እርሷም ቶሎ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች። ደካማ ጎኑ ቀለቡ ነው፤ የተዘጋ ጫጩት ጭሮ አይበላም፣ መኖ ይፈልጋል።

ለአዋቂ ዶሮዎች የሌሊት ቤት ሲሠራ ዝርዝሩ ይወስናል። በገበያ ያለው ሰፊ ቀዳዳ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያስቀራል እንጂ አውሬን አይመልስም፤ አይጥና የሸለምጥማጥ ግልገል ያልፉበታል፣ ውሻም ይቀደዋል። ቀዳዳው ከአንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ጠንካራ ወንፊት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል፣ ቆፍሮ የሚገባን አውሬ የሚከለክል በድንጋይ የተደለደለ ሥር፣ በአፍንጫ ተገፍቶ የማይከፈት መቀርቀሪያ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን በየምሽቱ የሚዘጋው ሰው ያስፈልጋል።

ያልተፈታው ቋጠሮ፦ ቆጡ የት ይሁን?

አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ ለዶሮ የተለየ ቤት የለውም። ዶሮ የምታድረው ሰው በሚያድርበት ቤት ቆጥ ላይ ወይም ማድ ቤት ነው። ከአውሬ አንጻር ይህ የሚናቅ ዘዴ አይደለም፤ ሸለምጥማጥ ሰውና እሳት ያለበትን ቤት ይፈራል፣ ሌባም እንዲሁ።

ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን በ2016 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ገጠር ላይ ያሳተሙት ጥናት ግን የዚህን ዘዴ ዋጋ አሳየ። ዶሮ ያለው ቤተሰብ ልጆች ዕድገት ከሌላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ እንቁላሉና ገቢው ጠቅሟል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድሩበት ቦታ ግን ከልጆቹ ቁመት ጋር የነበረው ግንኙነት ወደ አሉታዊ ዞረ። ጥናቱ የታየውን ግንኙነት የሚያሳይ እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ አይደለም፤ ደራሲዎቹም ይህን አልደበቁም። ቢሆንም መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን ከዶሮ ኩስ ጋር መገናኘቱ ለሆድ ሕመም እንደሚያጋልጥ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ሁለት ትክክለኛ ምክሮች ይጋጫሉ። የጤና ባለሙያው «ዶሮዋን ከቤት አውጡ» ይላል። ያወጣች እናት በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዶሮ ካጣች ግን መልሳ ታስገባቸዋለች፤ በእርሷም አይፈረድም። ወንፊቱን ማን ይግዛ፣ ቆርቆሮውን ማን ያልብስ፣ የዶሮው ገቢ የሴቲቱ ሆኖ የዶሮ ቤቱ መሥሪያ ወጪ በባል እጅ ባለበት ቤት ማን ይወስን የሚሉት ጥያቄዎች በዶሮ ጥናትና በጤና ጥናት መካከል ወድቀዋል። የተለየ የዶሮ ቤት ከአውሬ የሚያስጥለውን ያህል ሕፃኑንም ይጠብቃል፤ ሁለቱን ጥቅም በአንድ ላይ የለካ ሥራ ግን የሚፈለገውን ያህል አልተሠራም።

ማስረጃው ወዴት ያጋድላል?

ያለው ማስረጃ ሲጠቃለል አውሬውን የማጥፋት ምክር ደካማው ነው፤ የማባረር ምክር ጊዜያዊ ነው፤ የዝርያ ምክር ለአዋቂ ዶሮ እንጂ ለጫጩት አይደርስም። በጊዜና በቦታ የተወሰነ መዝጋት ግን ከዶሮዋም ከአውሬውም ጠባይ ጋር ይስማማል። አደጋው ዓመቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ በሁለት ጊዜያት ይከማቻል፤ በጫጩት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታትና በየሌሊቱ ጨለማ። ዶሮን ሙሉ ዕድሜዋን መዝጋት የጓሮ ዶሮን ትርፍ፣ ያለ መኖ ጭሮ ማደሯን ያጠፋል። ስምንት ሳምንትና ሌሊቱን ብቻ መዝጋት ግን አቅም የሚፈቅደው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ሊሆን ይገባል። ከሰው መኖሪያ የተለየ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በወንፊት የተዘጋ ትንሽ የሌሊት ቤት ይቅደም። ቀጥሎ ጫጩቶች በቅርጫትም ሆነ በጭድ ሣጥን ስምንት ሳምንት ይጠበቁ፤ የፈንግሉ ክትባት በዚያው ወቅት ይሰጥ። አንድ ደህና አውራ ከመንጋው አይጥፋ። መርዝ ከጓሮው ይራቅ። የልማትና የጤና ባለሙያዎችም በአንድ ደጃፍ ላይ ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ከመስጠት ወጥተው፣ ወንፊቱንና መቀርቀሪያውን ከክትባቱ ጠርሙስ ጋር ይዘው ይምጡ። ምሽት ላይ የሚዘጋ አንድ በር ዶሮዋንም ሕፃኑንም ይጠብቃል።